«14.6 ጊጋ ቆሻሻ ተገኝቷል» ሲላችሁ ካርዳችሁን እንዳታወጡ

ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ አስቀድሜ ልናገር። ኮምፒውተር አጸዳለሁ ለሚል ፕሮግራም ከፍዬ ነው። ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተሸወድኩ ብዬ ዝም እል ነበር። ያበሸቀኝ፣ የከፈልኩበት ነገር እዚያው ኮምፒውተሬ ውስጥ በነጻ ተቀምጦ የነበረ መሆኑ ነው። ያጠፋብኝ ነገር ደግሞ በገንዘብ የሚመለስ አልሆነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፔ አንድ ትልቅ የዊንዶውስ አፕዴት ጨርሶ ተነሳ። ሲ ድራይቭን ባየው መስመሩ ቀይ ሆኗል። ከ128 ጊጋባይት ውስጥ የቀረኝ 6 ብቻ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ወደ 30 ገደማ ነበረኝ። ምንም አላወረድኩም፣ ምንም አልጫንኩም። ታዲያ ያ ሁሉ ቦታ የት ገባ?

የአፕዴት ትርፍራፊ እንዴት እንደሚጠፋ ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። ከላይ የመጣው መልስ ማስታወቂያ ነበር፣ ያኔ ግን ልብ አላልኩም። ገጹ ሰማያዊ ነው። ዓርማው አራት ማዕዘን መስኮት ይመስላል። የዊንዶውስ ሠሪዎች ራሳቸው ያወጡት መሰለኝ። «በነጻ ፈትሽ» የሚለውን ተጫንኩ።

ፍተሻውን ብታዩት ትያትር ነው። ቁጥሩ እንደ ነዳጅ ማደያ ቆጣሪ ይሮጣል። የፋይል ስሞች ዓይን ሳይዛቸው ያልፋሉ። አርባ ሰከንድ እንኳ አልፈጀም። ከዚያ ቀጥ አለና በቀይ ጻፈ፦ «14.6 ጊጋባይት ቆሻሻ። 3,218 ስህተት። የኮምፒውተርዎ ሁኔታ አደገኛ ነው።» ከሥሩ አንድ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ አለ፣ «አሁን አስተካክል» የሚል። ስጫነው የካርድ ቁጥር ጠየቀኝ።

ነጻው ፍተሻው ነው፣ ማጽዳቱ አይደለም። እዚህ ላይ መቆም ነበረብኝ። አልቆምኩም፣ የአንድ ዓመቱን ከፈልኩ።

ቦታ አስለቀቀ? አዎ፣ አስለቀቀ። ይህን አልክድም። 6 የነበረው ወደ 20 ገደማ ሆነ። አራት ቀን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

በአምስተኛው ቀን ስካነሬን ፈለግኩት። አፕዴቱ ከገባ ወዲህ እንቢ ብሏል። ኬብሉን ቀየርኩ፣ ነቅዬ ሰካሁ፣ ወይ ፍንክች። በቃ ወደ ቀድሞው ዊንዶውስ ልመለስ አልኩ። ሴቲንግ ውስጥ «ሪከቨሪ» በሚለው ቦታ «ጎ ባክ» የሚባል ቁልፍ እንዳለ አውቃለሁ። ገባሁ። ቁልፉ ደብዝዟል፣ አይነካም። ይህ አማራጭ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ከእንግዲህ የለም ይላል።

ለካስ መመለሻውን ነው በገንዘቤ ያስጠፋሁት።

ትልቅ አፕዴት ሲገባ ዊንዶውስ አሮጌውን ራሱን ወዲያው አይጥለውም። «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚባል ፎልደር ሲ ድራይቭ ላይ ያስቀምጠዋል። ብዙ ጊዜ ከአስር ጊጋ በላይ ይይዛል። አዲሱ ካልተስማማችሁ የምትመለሱት በዚያ ነው። የሚቆየው በተለምዶ 10 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ ራሱ፣ ማንም ሳያዘው፣ ያጠፋዋል። እንደገና አንብቡት፤ ራሱ ያጠፋዋል። እኔ ካርዴን ያወጣሁት አፕዴቱ በገባ ማግስት ነው። ዘጠኝ ቀን እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ ኖሮ ያንኑ ቦታ አብዛኛውን በነጻ አገኘው ነበር፣ ስካነሬ እንቢ ማለቱንም እስከዚያው አውቄ መመለስ እችል ነበር። ፕሮግራሙ ግን «ይህን ካጠፋሁ ወደ ኋላ መመለስ አትችልም» የሚል አንዲት መስመር አላሳየኝም። የዊንዶውስ የራሱ ማጽጃ ያንን ሲያጠፋ ይጠይቃችኋል። የሚከፈልበት አልጠየቀም።

ዳውንሎድስ ፎልደሬንም «አላስፈላጊ ፋይሎች» በሚለው ውስጥ አስገብቶት ነበር። ዝርዝሩን ለማየት አንዲት ትንሽ ቀስት መጫን ነበረብኝ፣ አልተጫንኳትም። የእኔ ጥፋት ነው ትሉኝ ይሆናል፣ ግማሹን እቀበላለሁ። ግን ሰው የተፈረመ ውል ያወረደበትን ፎልደር ቆሻሻ ብሎ አስቀድሞ ምልክት የሚያደርግበት ምን የሚሉት ጽዳት ነው? ሪሳይክል ቢን ውስጥም የለም፤ እንዲህ ዓይነት ማጽጃዎች በቀጥታ ነው የሚያጠፉት። ውሉን ከላከልኝ ሰው እንደገና ለመንኩ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። እነዚያ 3,218 «ስህተቶች» አብዛኞቹ ሬጂስትሪ፣ ማለትም ዊንዶውስና ፕሮግራሞች ቅንብራቸውን የሚጽፉበት መዝገብ ውስጥ ያሉ የቆዩ ጽሑፎች ናቸው። አንዱ ጽሑፍ የሚይዘው ጥቂት ባይት ነው። ሺዎቹን ብታጠፉ የአንድ ፎቶ ያህል ቦታ እንኳ አታገኙም። ማይክሮሶፍትም ሬጂስትሪ የሚያጸዱ ፕሮግራሞችን እንደማይደግፍ በግልጽ ተናግሯል። ዝርዝሩ የሚረዝመው እናንተን ለማስደንገጥ ነው። የብራውዘር ካሽም፣ ገጾች ቶሎ እንዲከፈቱ የሚቀመጠው ፋይል፣ እንዲሁ። ዛሬ ይጠፋል፣ ነገ ድረ ገጾቹን ስትከፍቱ ተመልሶ ይሞላል፤ እስኪሞላ ድረስ ገጹ ይንቀራፈፋል። በየሳምንቱ «2 ጊጋ አጸዳሁልህ» እያለ የሚኮራባችሁ በዚህ ነው። አንዱን ቆሻሻ ደጋግሞ እየሸጠላችሁ ማለት ነው።

ትልቁ ማስፈራሪያ ግን «ዊን ኤስ ኤክስ ኤስ» የሚባለው፣ የዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች የሚቀመጡበት ፎልደር ነው። ሲ ድራይቭ ላይ «ዊንዶውስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ መጠኑን ብታዩ ትደነግጣላችሁ። ብዙ ጊጋ ያሳያል። ግን ቆጠራው አሳሳች ነው። እዚያ ያሉት ብዙዎቹ ፋይሎች በሌላ ፎልደርም በሌላ ስም የሚታዩ ናቸው፤ ዲስኩ ላይ ያለው ግን አንድ ቅጂ ብቻ ነው። አንድ ሰው በመጠሪያ ስሙም በቤት ስሙም ቢመዘገብ ሁለት ሰው አይሆንም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ይህን ፎልደር በእጃችሁ እንዳትነኩት። ከውስጡ ቆርጣችሁ ብታወጡ ኮምፒውተሩ ላይነሳ፣ ቀጣዩ አፕዴትም ላይገባ ይችላል። በአፕዴት የተተካውን አሮጌ ፋይል ዊንዶውስ ራሱ በጊዜው ያነሳዋል፤ አዲሱ ፋይል ከገባ ቢያንስ 30 ቀን ጠብቆ ነው አሮጌውን የሚያወጣው። ያ ጥበቃ ያለ ምክንያት አይደለም፣ አዲሱ ቢበላሽ መመለሻ እንዲኖር ነው። እዚያው «ዊንዶውስ» ፎልደር ውስጥ ያለው «ኢንስታለር» የሚባል ፎልደርም እንደዚሁ የተከለከለ ነው። የጫናችሁትን ፕሮግራም ለማራገፍ ወይም ለማደስ ስትፈልጉ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በወጡ ዊንዶውሶች ላይ ሲስተሙ ለአፕዴት ብሎ ወደ 7 ጊጋ ገደማ ቦታ አስቀድሞ ሊይዝ ይችላል። ቆሻሻ አይደለም። የጎደለባችሁ ቦታ ሁሉ የተሰረቀ እንዳይመስላችሁ ነው ይህን የማነሳው።

ይህ የማስፈራራት ንግድ አዲስ አለመሆኑን የሰማሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የቢሮ ዕቃ ሻጩን ኦፊስ ዲፖን 25 ሚሊዮን፣ አብሮት ይሠራ የነበረውን ሳፖርት ዶት ኮምን ደግሞ 10 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሏቸዋል። ዘዴያቸው የሚያስቅ ነው። ፍተሻው ሲጀመር ደንበኛው አራት ጥያቄ ይጠየቃል፤ ኮምፒውተሩ ይዘገያል ወይ፣ ያልተፈለገ ማስታወቂያ ይመጣል ወይ፣ እንዲህ እያለ። ለአንዱ «አዎ» ከተባለ ፍተሻው ምንም ያግኝ ምን የማልዌር፣ ማለትም የጎጂ ፕሮግራም፣ ምልክት አለ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ሬስቶሮ እና ሪኢሜጅ የተባሉት ድርጅቶች 26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል፤ ክሱ ይኸው ነው፣ የሌለ ችግር እያሳዩ ጥገና መሸጥ። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. ከማርች 2018 ጀምሮ እያስፈራሩ የሚያስከፍሉ ማጽጃዎችን የዊንዶውስ መከላከያው እንደማይፈለግ ፕሮግራም ቆጥሮ እንዲያነሳ ወስኗል። የእኔው ግን ሾልኮ ገብቷል።

እሺ፣ ቦታ ስለፈለጋችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ሴቲንግ ክፈቱ፣ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ስቶሬጅ»፣ ከዚያ «ቴምፖራሪ ፋይልስ»። ትንሽ ጠብቁት፣ ይቆጥራል። ዝርዝሩ ሲመጣ «ዊንዶውስ አፕዴት ክሊንአፕ» የሚል ካለ ምልክት አድርጉበት፤ በአዲስ የተተኩ የአፕዴት ፋይሎች ናቸው። «ደሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ፋይልስ» የሚለውም ይሂድ፤ አፕዴት ለሌሎች ኮምፒውተሮች ለማካፈል የተቀመጠ ነው። «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽንስ» የሚለው ግን ያ እኔን ጉድ ያደረገኝ ነው። አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ፕሪንተራችሁን፣ ስካነራችሁን፣ ድምፁን፣ የሥራ ፕሮግራማችሁን ሳትሞክሩ አትንኩት። ሁሉም ከሠራ አጥፉት፣ ትልቁ ቦታ የሚገኘው ከእሱ ነው። «ዳውንሎድስ» የሚል መስመር ስታዩ ደግሞ ምልክት እንደሌለበት አረጋግጡ። እኔ አሁን ሁለት ጊዜ ነው የማየው።

የቆየውን «ዲስክ ክሊንአፕ» የለመዳችሁ ደግሞ በስሙ ፈልጋችሁ ክፈቱትና «ክሊንአፕ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ተጫኑ። ያንን ካልተጫናችሁ የአፕዴቱን ትርፍራፊ አያሳያችሁም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ነው ሌላ ፕሮግራም ፍለጋ የሚወጣው።

ማጽዳቱ ሊቆይ ይችላል። የአፕዴት ክሊንአፑ የቆመ እየመሰለ ረጅም ጊዜ ሲሠራ አይቻለሁ። ሪስታርት ስታደርጉም «አታጥፉ» የሚል ጽሑፍ ሊቆይባችሁ ይችላል። አታጥፉት። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ሰኩ።

አንድ ወርዶ መሃል ላይ የተሰናከለ አፕዴት ቦታ ይዞ ከቀረ «ዊንዶውስ» ፎልደር ውስጥ፣ «ሶፍትዌር ዲስትሪቢዩሽን» በሚለው ሥር ያለው «ዳውንሎድ» ፎልደር ሊጸዳ ይችላል፤ ግን መጀመሪያ የዊንዶውስ አፕዴት ሰርቪስ መቆም አለበት፣ የሚጠፋውም የፎልደሩ ይዘት ብቻ ነው። ሰርቪስ ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ተዉት፣ ምንም አይቀርባችሁም። ለማጽዳት «ዲዝም» የሚባለውን ትእዛዝ ጻፉ የሚሏችሁም ይኖራሉ። ትእዛዙ ትክክለኛ ነው፣ የዊንዶውስ የራሱ ነው። ከኋላው «ሪሴት ቤዝ» የሚል ከተጨመረበት ግን የገቡት አፕዴቶች ከዚያ በኋላ አይራገፉም። ገልብጣችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት መጨረሻውን አንብቡ።

እንደ እኔ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ፕሮግራሙን ማራገፍ ክፍያውን አያቆምም። እኔ አራግፌው ሦስት ቀን ቆይቼ ነው ክፍያው በየዓመቱ በራሱ እንደሚታደስ ያየሁት፤ የደረሰኙ ኢሜይል ግርጌ ላይ፣ ግራጫ በሆነ ደቃቅ ጽሑፍ። ገብቼ ሰረዝኩ። ለባንኬም ደውዬ ከዚያ ድርጅት የሚመጣ ክፍያ እንዲታገድ አደረግሁ። የደረሰኙን፣ የፍተሻውን ውጤትና የስረዛውን ማረጋገጫ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፤ ባንኩ ይጠይቃችኋል።

ደግሞ «ገንዘብዎን ልንመልስ ነው» ብሎ የሚደውል ከመጣ ስልኩን ዝጉት። ኮምፒውተራችሁን ከሩቅ እንዲቆጣጠር ፈቃድ ይጠይቃችኋል። እኔ ጋ አንዱ ደውሏል። ስሜንም የከፈልኩበትን ቀንም ያውቃል። ከየት እንዳገኘው መገመት አያቅታችሁም።

ስካነሩ በመጨረሻ ሠራ። ከአምራቹ ድረ ገጽ አዲስ ድራይቨር፣ ስካነሩን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ፈልጌ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ትናንት ደግሞ ሲ ድራይቭን እያየሁ አንድ የማላውቀው ፎልደር አገኘሁ። ያ ያራገፍኩት ማጽጃ ነው፤ የፍተሻ መዝገቦቹን ትቶልኝ ሄዷል። 400 ሜጋባይት።