ለሐረሩ አስጎብኚዬ ምስጋና፤ ባቢሌ ለመሄድ ለምታስቡም ጥቆማ

ባለፈው ቅዳሜ ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ውዬ መጣሁ፤ ልቤ ግን እስካሁን መጠለያው ውስጥ ካለው ከኤረር ሸለቆ አልተመለሰም። ያንን ቀን ለሰጡኝ የሐረር አስጎብኚና ሹፌር በአደባባይ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት እፈልጋለሁ። ካሜራ ይዛችሁ ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁም ከእርሳቸው ጋር ሂዱ።

መጠለያው እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚያ ሁሉ ግራርና ቁጥቋጦ ውስጥ ዝሆን ማግኘት እውቀት ይጠይቃል። ከዓመት በፊት ከሌላ ሰው ጋር ሄጄ፣ ሞተር እያስጓራን ስንዞር ውለን፣ የዱካ ፎቶ ብቻ ይዤ ተመልሻለሁ።

በዚህኛው ጉዞ አርብ ማታ ከድሬዳዋ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር አደርኩ። ጋሼ ገና ሳይነጋ በር ላይ ቆመው ነበር። ሸለቆው ስንደርስ መኪናውን አቁመው ከመጠለያው ጠባቂ ጋር በእግር መራመድ ጀመርን። ዝሆኖቹ የበሉት የበለስ ቁልቋል ተሰባብሮ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። ጋሼ አንዱን ፋንድያ በእንጨት ከፍተው ውስጡን ነኩና «የዛሬ ጠዋት ነው» አሉ። ከኪሳቸውም በጨርቅ የተቋጠረ አመድ አውጥተው አራገፉ። አመዱ ወደ ፊታችን ሲበር አይተው መንገዳችንን ቀየሩ፤ ነፋሱ ሽታችንን ወደ ዝሆኖቹ እንዳይወስደው ነው።

እኔ መከተል ፈልጌ ነበር። «ልጄ፣ አናሳድዳቸውም። ውሃ ሲጠማቸው እዚህ ይመጣሉ» ብለው ከደረቀው ወንዝ ማዶ ከድንጋይ ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። የካሜራዬን ድምፅም አስጠፉኝ። ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅን።

ሰባት ሆነው መጡ። አንዷ እናት አሸዋውን በእግሯና በኩምቢዋ ቆፍራ ውሃ አወጣች። ግልገሏ በኩምቢው መጠጣት ገና አልለመደም፤ በጉልበቱ ተንበርክኮ አፉን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ። ያንን ያነሳሁት እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ትንሽ ልጠጋ ስል ጋሼ ትከሻዬን ያዙ። «ከተጠጋሽ ውሃውን ትተው ይሄዳሉ፤ ግልገሉ ገና አልጠገበም» አሉኝ። ለፎቶዬ ስል የግልገሉን ውሃ ልነሳው ነበር። ያስቆሙኝን እጅ አልረሳውም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዳካታ ሸለቆ ወሰዱኝ። አንዱ በአንዱ ላይ የተቀመጡት ቋጥኞች መልካቸውን የሚያወጡት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነውና ሰዓቱን ጠብቀው ነው ያደረሱኝ። ከመኪና ሆኜ ካሜራዬን ባነሳሁ ቁጥር፣ ንዝረቱ ፎቶውን እንዳያበላሸው፣ ሳልጠይቃቸው ሞተር ያጠፉ ነበር።

ለምትሄዱ፦ ረጅም ሌንስና በቂ ውሃ ያዙ፣ ነጭ ልብስ አትልበሱ፣ ሽቶ አትቀቡ፣ ከተቻለ ሁለት ቀን መድቡ። የጋሼን ስምና ስልክ እዚህ አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እርሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ሲሸኙኝ ከተስማማንበት ዋጋ በላይ ብሰጣቸው እምቢ ብለው፣ የግልገሉን ፎቶ አሳትሜ እንድልክላቸው ብቻ ጠየቁኝ። ሐረር ተወልደው ያደጉት የልጅ ልጆቻቸው ዝሆን አይተው አያውቁም። ፎቶው ትናንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ በትልቁ ታትሟል፤ የፊታችን ቅዳሜ ራሴ ይዤላቸው እሄዳለሁ።