ተተኪ ወርዋሪዎችን በቤዝቦል ሪፈረንስ መመዘን

በቤዝቦል ጨዋታውን የጀመረውን ወርዋሪ እየተኩ የሚገቡ ወርዋሪዎች የራሳቸው ትልቅ ሽልማት ይገባቸዋል ወይ የሚለውን ክርክር በማስረጃ መመርመር ለሚፈልግ ሰው፣ ቤዝቦል ሪፈረንስ የተሰኘው ድረ ገጽ እጅግ ጠቃሚ አገልግሎት ነው። የየዓመቱን የሽልማት ድምፅ ከተወዳዳሪዎቹ አኃዝ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጡ ለዚህ ክርክር ዋነኛ ጥንካሬው ነው።

እ.ኤ.አ. የ2016ን የአሜሪካን ሊግ (ከሁለቱ ከፍተኛ የቤዝቦል ሊጎች አንዱ) የሳይ ያንግ ሽልማት፣ ማለትም የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ሽልማት፣ ሠንጠረዥ እንመልከት። የባልቲሞሩ ዛክ ብሪተን መሪነት እንዲያስጠብቅ ባገኛቸው 47 አጋጣሚዎች ሁሉ ተሳክቶለት፣ በየዘጠኝ ኢኒንጉም (ኢኒንግ ከጨዋታው መደበኛ ዘጠኝ ዙሮች አንዱ ነው) በአማካይ 0.54 ነጥብ ብቻ ተቆጥሮበት ሳለ አራተኛ ሲወጣ፣ ያሸነፈው የቦስተኑ ሪክ ፖርሴሎ አማካይ 3.15 ነበር። ከጎኑ ያለው ዓምድ ግን ፖርሴሎ 223 ኢኒንግ፣ ብሪተን ደግሞ 67 ብቻ መወርወራቸውን ያሳያል። ከሦስት እጥፍ በላይ የሠራውን ማስቀደም ምክንያታዊ በመሆኑ ድምፅ ሰጪዎቹን አልወቅስም፤ ስህተቱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ሚዛን መቀመጣቸው ነው። ሳይ ያንግን ያሸነፉት ተተኪ ወርዋሪዎች ዘጠኝ ብቻ ሲሆኑ የመጨረሻው የ2003ቱ ኤሪክ ጋኜ ነው። በ652 ሴቭ፣ ማለትም የቡድኑን መሪነት አስጠብቆ ጨዋታ በመጨረስ፣ የሚታወቀውና በ2019 ያለ አንድ ተቃውሞ ወደ ቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ የገባው ማሪያኖ ሪቬራ እንኳ ሽልማቱን አንድም ጊዜ አላገኘም።

አገልግሎቱ ይበልጥ የሚያረካኝ ከሴቭ አልፎ ሲሄድ ነው። ወርዋሪው ሲገባ ቤዝ ላይ (ነጥብ ለማስቆጠር በሚሮጥባቸው ማረፊያዎች) ያገኛቸው ተጋጣሚዎች ስንት እንደነበሩ፣ ከእነሱ ስንቶቹ ነጥብ እንዳስቆጠሩ፣ የገባበት የጨዋታው ቅጽበትም ለውጤቱ ምን ያህል ወሳኝ እንደነበር ይመዘግባል። የተተኪ ወርዋሪ እውነተኛ ሥራ የሚታየው እዚህ ነው። ክሊቭላንድ በ2016 የሊግ ፍጻሜውን ሲያሸንፍ አንድሩ ሚለር 7⅔ ኢኒንግ ወርውሮ፣ 14 መቺዎችን በስትራይክ አውት (ኳሱን ሳይመቱ በሦስት ስትራይክ) አስወጥቶ፣ አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። በሴቭ ብቻ ቢለካ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልታየ ነበር። በዚያው ዓመት ባልቲሞር በቶሮንቶ ሜዳ ባደረገው የማጣሪያ ጨዋታ፣ ውጤቱ እኩል ሆኖ እስከ 11ኛው ኢኒንግ ሲዘልቅ ብሪተን ሳይገባ ቀርቶ ቡድኑ ተሸንፏል፤ በመዝገቡ ላይ ስሙን መፈለግ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ጉድለቱ እነዚህ ዝርዝሮች በተጫዋቹ ገጽ ላይ በቀላሉ የማይገኙ መሆናቸው ነው። ሴቭ ከላይ ባለው ዋና ሠንጠረዥ ሲታይ፣ ወርዋሪው ሲገባ ቤዝ ላይ ስላገኛቸው ተጋጣሚዎች ያለው መረጃ ግን ወደ ታች ብዙ ተጉዞ የሚደረስበት ነው፤ በስልክ ለሚያነብ ሰው ደግሞ ሰፋፊዎቹን ሠንጠረዦች ከማስታወቂያዎቹ ጋር መከታተል አድካሚ ነው።

ከ2014 ጀምሮ በሪቬራና በሌላው ታዋቂ ተተኪ ወርዋሪ በትሬቨር ሆፍማን ስም ለተተኪ ወርዋሪዎች የሚሰጠው ሽልማት በጡረታ የወጡ ተተኪ ወርዋሪዎች የሚመርጡት መልካም ጅምር ነው። የቤዝቦል ጸሐፊዎች ማኅበርም ከ2026 ጀምሮ የራሱን የተተኪ ወርዋሪዎች ሽልማት ለመስጠት መወሰኑ ተገቢ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ድምፅ ሰጪዎቹ ሴቭን ብቻ ከቆጠሩ እንደ ሚለር ያሉት እንደገና ይረሳሉ። እዚህ የጠቀስኳቸውን መዝገቦች ለማየት ክፍያ አያስፈልግም፤ ስታትሄድ የተባለው የሚከፈልበት ክፍል የሚያስፈልገው የብዙ ዓመታት ወርዋሪዎችን በአንድ ጊዜ አጣርቶ ማነጻጸር ለሚፈልግ ብቻ ነው።