ለድሬዳዋ ሙቀት በሐረር የተሰፋ ልብስ

በግንቦት መጨረሻ ለሥራ ጉዳይ ዘጠኝ ቀን በድሬዳዋና በሐረር ቆይቼ ነበር። ከአዲስ አበባ ይዤው የሄድኩት ሸሚዝ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ፣ ለዓይን የሚያምር፣ ነጭና ስስ ሸሚዝ ነው። ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ውስጥ በዛፎቹ ጥላ ሥር ስመላለስ ብዙም አላስቸገረኝም፤ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ወደሚባለው ሰፈር ገብቼ ከፊራ የሚባለው ገበያ ስደርስ ግን ላቡን መምጠጥም ሆነ ነፋስ ማስገባት አቅቶት ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ከቀኑ 6 ሰዓት ሳይሞላ ልብስ ለመቀየር ወደ ማረፊያዬ ተመለስኩ። በማግስቱ ሐረር ስወጣ ከሁሉ አስቀድሜ የሄድኩት መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነበር። እዚያ ሁለት ሸሚዝና አንድ ሱሪ አሰፋሁ፤ አብራኝ የነበረችው እህቴም ቀሚስ አሰፋች። ቀጥሎ የምጽፈው እነዚህን ልብሶች ቀሪውን ሳምንት በሁለቱም ከተሞች ከለበስናቸው በኋላ የደረስኩበትን ፍርድ ነው።

መኪና ግርግር አሮጌውን የሐረር ከተማ በከበበው በጀጎል ግንብ ውስጥ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ጊዲር መጋላ ገበያ የሚወስድ ጠባብ መንገድ ሲሆን፣ ስሙ የወጣለት ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። ሰፊዎቹ መኪኖቻቸውን ከደጃፍ ላይ ደርድረው በእግራቸው እየረገጡ ይሠራሉ፤ ጨርቅ ሻጮቹም ከጀርባቸውና ከጎናቸው ናቸው። በመሆኑም ደንበኛው ጨርቁን መርጦ በሜትር ካስቆረጠ በኋላ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ይለካል፤ ሥራው ቀላል ከሆነም በዚያው ቀን ይረከባል። እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ተለክተን ሸሚዞቹንና ሱሪውን ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ቀሚሱን በማግስቱ ተረክበናል። ለጨርቁም ለስፌቱም በጠቅላላው የከፈልኩት ለያንዳንዱ ሸሚዝ ሲካፈል ከአዲስ አበባው ሸሚዝ ዋጋ ያንሳል።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ የልብስ ሰፊው ዕውቀት ነው። በዕድሜ የገፉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። የመረጥኩትን ሰማያዊ ጨርቅ ስሰጣቸው በጣቶቻቸው ፈተግ ፈተግ አድርገው ዝም አሉ፤ ከዚያ ከጠርዙ አንድ ክር መዘዙና ክብሪት ጫሩ። ክሩ ከመንደድ ይልቅ ወደ ላይ ተኮማትሮ ቀለጠ፤ ሲቀዘቅዝ ጫፉ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጠንካራ ጥቁር እንክብል ቀረች። «ይኼ ድሬ አይሆንህም ልጄ፣ ናይሎን አለበት» አሉኝ። ከሌላ ጣቃ ላይ ሌላ ክር መዘው አነደዱት፤ ይኸኛው እንደ ወረቀት ሸቶ ነደደና በጣት ሲነካ የሚበተን ግራጫ አመድ ሆነ። «አባባ፣ ይኼኛውን ይስፉልኝ» አልኳቸው። የለበስኩትንም ነጭ ሸሚዝ ከውስጥ ስፌቱ ከተረፈው ጨርቅ ጠርዝ አንድ ክር መዝዘው እንዲፈትሹልኝ ለመንኳቸው፤ እሱም ቀለጠ። ይህ ፈተና ከደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ጨርቅ በሜትር የሚገዛ ሰው ሁሉ ከመክፈሉ በፊት ክር መዝዞ ቢያይ ከብዙ ወጪ ይድናል ብዬ አምናለሁ።

ጨርቁ ግን የጉዳዩ ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ አቆራረጡ ነው። ብዙዎቻችን ሙቀት ሲነሳ የሚታየን አጭርና ጠባብ ልብስ ነው። ሰፊው ግን የደረቴን ልክ ከወሰዱ በኋላ ሸሚዙ ላይ 14 ሳንቲ ሜትር ጨመሩ፤ የብብቱን ስፌት ዝቅ አደረጉት፣ ጎንና ጎኑን እስከ ወገብ አካባቢ ቀደዱት፣ ኮሌታውንም ቀጥ ያለና አጭር አደረጉት። እጅጌው ረጅም ይሁን ሲሉኝ ተቃውሜ ነበር። እሳቸው ግን ፀሐይ ክንድን በቀጥታ ስትመታ እንደምታደክም ነግረውኝ፣ ከክርን በላይ ሲጠቀለል በቁልፍ የሚያዝ ማንጠልጠያ ጨምረው ሰፉት። ድሬዳዋ ላይ ትክክል መሆናቸውን አየሁ፤ ስራመድ ነፋስ ከታች በጎን ቅዱ ገብቶ በአንገቴ በኩል ይወጣል፣ ጥጡም የጠጣውን ላብ ጥላ ሥር ስቆም ወዲያው ያደርቀዋል። ሱሪውም ከጭኑ ሰፋ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ጠበብ ብሎ የተሰፋ ስለሆነ ባጃጅ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስቀመጥ ጉልበቴን አልያዘኝም።

ውበቱንም አልዘነጋሁም። በልክ የተሰፋ ሰፊ ልብስ እና ልኩ ያልሆነ ትልቅ ልብስ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ የትከሻው ስፌት በትክክል ትከሻ ላይ ካረፈ ከሥሩ ያለው ስፋት እንደ ዝርክርክነት አይታይም። ሸሚዙን ለብሼ ለስብሰባ ገብቻለሁ፣ ማታም ከዚራ ውስጥ ከወዳጆቼ ጋር እራት በልቻለሁ፤ የት አሰፋኸው ብለው የጠየቁኝም ነበሩ።

የሁለቱ ከተሞች ጉዞ ሌላም ጥያቄ አለው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ጠዋት በላብ ተነክሮ የወጣ መንገደኛ መኪናው የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲጨርስ የሚገባው አየር ሌላ ነው፤ ሐረማያና አወዳይን አልፎ ማታ ጀጎል ውስጥ ሲራመድ ደግሞ ትከሻው ላይ የሚጥለው ነገር ይፈልጋል። ለዚህ ነጠላን የሚተካ አላገኘሁም። ታጥፎ ከቦርሳ ጥግ ይገባል፣ ቀን ለፀሐይ፣ ማታ ለብርድ ይሆናል፤ ሴቶች ወደ መስጊድና አዋች ወደሚባሉት የወሊዮች መቃብሮች አካባቢ ሲሄዱም ራስ ለመሸፈን ያገለግላል።

እህቴ ያሰፋችው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የጥጥ ቀሚስ ነው። ሐሳቡን የወሰደችው ከድሬ ሴቶች ነበር። እነሱ ሽቲና ድሪያ የሚባሉትን ሰፋፊና ስስ ቀሚሶች ለብሰው በዚያ ሙቀት ውስጥ ሲሄዱ ልብሱ ከሰውነታቸው ርቆ ይውለበለባል፤ ለከተማው የሚስማማውን አለባበስ ከማንም በፊት ያወቁት እነሱ ናቸው። ሰፊው በዚያው ስፋት ላይ ወገቡን በቀጭን መቀነት አስይዘው፣ በሁለቱም ጎን እጅ ሙሉ የሚያስገባ ኪስ ጨመሩላት። ገበያ ውስጥ ቦርሳ ሳትይዝ መሄድ በመቻሏ ከሁሉም ልብስ በላይ የተወደደው ይህ ቀሚስ ሆኗል።

ጉድለቶቹንም መናገር ይገባኛል። የሱሪዬ ኪስ ገበር የተሠራው ከሌላ ጨርቅ ነበር፤ ድሬዳዋ ወርጄ ጭኔ ላይ ሲጣበቅ ነው ጥጥ አለመሆኑን ያወቅሁት። ሱሪውም በመጀመሪያው እጥበት ሁለት ጣት ያህል አጠረ። ሰፊው ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ ይደር ብለውኝ የቸኮልኩት እኔ ስለሆንኩ በዚህ አልወቅሳቸውም፤ ጊዜ ያለው ሰው ግን ምክሩን ይስማ። ሥራው የሚሠራው መንገድ ላይ በመሆኑ ልብሱን ገብቶ የሚለኩበት ክፍል አላገኘንም፤ በተለይ ለእህቴ ይህ አስቸጋሪ ስለነበር ደህና የሚሆናትን የራሷን ቀሚስ ለልክ ሰጥታ ነው ያሰፋችው። ዓርብ ቀን ደግሞ በጁምዓ ሰላት ሰዓት ሥራው ስለሚቋረጥ በዚያው ቀን ለመረከብ ማሰብ አያዋጣም።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰማያዊውና ግራጫው ላብን ከሁሉ በላይ ያሳብቃሉ፣ ነጩ ደግሞ የድሬን አቧራ አይደብቅም። እኔን የተስማማኝ የአሸዋ መልክ ያለው ነው። ጫማን በሚመለከት ተረከዝ የሚይዝ ማሰሪያ ያለው ክፍት የቆዳ ጫማ በቂ ነው፤ ሸበጥ በጀጎል የድንጋይ መንገዶች ላይ ያንሸራትታል።

ለሚቀጥለው ጉዞዬ 4 ሜትር ጥጥ ከወዲሁ ገዝቼ፣ ክሩን አንድጄ ፈትሼ፣ ሁለት ጊዜ አጥቤ አስቀምጫለሁ። ለኪሱ ገበር የሚሆነውም ከዚያው ጨርቅ ላይ ይቆረጣል።