ነፋስን ማምለጫ ሁለት መንገድ፦ መሸፈን ወይስ መጠለል?

ባሕር ዳር ለብስክሌት የተመቸች ሜዳ ናት። ከጣና በኩል ነፋስ ሲመጣ ግን ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። የፍጥነት ክብረ ወሰን ሰባሪዎችም ዋና ጠላታቸው ይኸው ነፋስ ነው።

አንዱ ማምለጫ መሸፈን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ካናዳዊው ቶድ ራይከርት በእግሩ ጉልበት ብቻ በሰዓት 144.17 ኪሎ ሜትር በረረ። ‹ኤታ› የተባለችው ብስክሌቱ እንቁላል ትመስላለች። ውስጧ ተንጋሎ ይነዳታል። መስኮት የላትም፤ መንገዱን የሚያየው በካሜራ ነው። (እኔን አያድርገኝ!)

ሌላው ከመኪና ጀርባ መጠለል ነው። አሜሪካዊቷ ዴኒስ ሙለር-ኮረኔክ እ.ኤ.አ. በ2018 በቦኔቪል የጨው ሜዳ 296 ኪሎ ሜትር ገደማ የደረሰችው እንዲህ ነው። ማርሹ ከባድ ስለሆነ መነሻው ላይ መኪናው ጎትቷታል።

ትልቁ ልዩነት ጎማው ላይ ነው። ለተሸፈነችው እያንዳንዷ ጠብታ ጉልበት ዋጋ አላት። ጎማ መሬት ሲነካ ይተጣጠፋል፤ በተጣጠፈ ቁጥር ጉልበት ይበላል። ስለዚህ ስስና ለስላሳ ጎማና ቀጭን ከመነዳሪ ይመረጣል፤ አየሩም በኃይል ይሞላል። ጉዳቱ? ቶሎ ይበሳል።

ከመኪና ጀርባ ላለው ግን ቁጠባው ሁለተኛ ነገር ነው። በሰከንድ 80 ሜትር ሲከንፍ የመሽከርከሩ ኃይል ጎማውን ከቸርኬው ሊገነጥለው ይታገላል። ለዚህ ነው የዴኒስ ብስክሌት የሞተር ሳይክል ዓይነት ጎማ የተገጠመላት። እንዳትዋልል ቁመቷም ረዝሟል።

ለእኔ ኤታ ትበልጣለች፤ ቢያንስ ጉልበቱ የራስ ነው። ባሕር ዳርም 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ይላል፤ ለፍጥነት ይመቻል። ባጃጆቹን ማን ያስቁምልን እንጂ!