ሳንቦርን ካርታ፦ ለኢንሹራንስ ተሠርቶ ለድሮ ሰፈር የጠቀመ

ሥራዬ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የድሮ ቤት ማደስ ነው። መቶ ዓመት ያለፈው ሮው ሀውስ (ከጎረቤቱ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ በረድፍ የተሠራ ቤት) ግድግዳው ሲከፈት ጉድ ነው የሚወጣው። ስለዚህ መዶሻ ከማንሳቴ በፊት ሳንቦርን ካርታን፣ ማለትም የአሜሪካ ከተሞችን ቤት ለቤት የሚያሳየውን የድሮ ካርታ፣ አያለሁ። ካርታው በላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ምዝገባ የለ፣ ክፍያ የለ። የድሮ የአሜሪካ ሰፈር ታሪክ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር እስካሁን አላየሁም።

የሚገርመው ግን ካርታው ለታሪክ ተብሎ አልተሠራም። ዳንኤል አልፍሬድ ሳንቦርን የሚባል ቀያሽ ነበር። በ1866 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኤትና የተባለ የኢንሹራንስ ድርጅት የቴነሲ ከተሞችን ካርታ እንዲያነሳ ቀጠረው። በዓመቱ ኒውዮርክ ላይ የራሱን ድርጅት ከፈተ። ኢንሹራንሶቹን የሚያስጨንቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ቤት ቢቃጠል ጎረቤቱን ይዞት ይሄዳል ወይ? ለዚህ ሲባል ቀያሾች ቤት ለቤት እየዞሩ ለኩ። ወደ 12,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ከተሞችን አዳርሰዋል። የሀብታሙን ቪላም የድሃዋን ጎጆም እኩል ለክተዋል፤ እሳት አያበላልጥማ።

አነባበቡ ቀላል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ካርታው ላይ አንድ ኢንች ማለት መሬት ላይ 50 ጫማ ነው። ሮዝ ጡብ፣ ቢጫ እንጨት፣ ሰማያዊ ድንጋይ፣ ግራጫ ብረት። "ዲ" የሚለው ፊደል መኖሪያ ቤት፣ "ኤስ" ሱቅ ነው። ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ቁጥር የፎቁ ብዛት ናት። ሁለት ካለ በኛ አባባል ጂ ፕላስ ዋን ነው። የጓሮ በረንዳ፣ የፈረስ ጋጣ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ ቅያስ ውስጥ የተደረደሩ ትንንሽ ቤቶች፣ ሁሉም አሉ።

እኔን በጣም የጠቀመችኝ ቀጭኗ መስመር ናት። ቤቱ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ላይ ሮዝ ከተሰመረበት፣ ጡቡ ልባስ ነው፤ ውስጡ እንጨት ነው። አንዲት ደንበኛዬ "ሙሉ ጡብ ነው ተብዬ ነው የገዛሁት" ብላኝ ነበር። ስልኬ ላይ ካርታውን አሳየኋት፤ አላመነችኝም። የሳሎኑን ግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ስንከፍተው ቋሚው እንጨት ብቅ አለ። ዋጋውን እንደ አዲስ ተነጋገርን።

ስካኑን ስታጎሉት ደግሞ አንዳንድ ቤት ላይ የወረቀት ጠርዝ ይታያችኋል። ድርጅቱ ቤት ፈርሶ ሌላ ሲሠራ ሁሌ አዲስ ካርታ አያትምም ነበር። የማስተካከያ ቁራጭ ያዘጋጅና አሮጌው ላይ ይለጠፋል። ከስር የነበረው ቤት ተሸፈነ ማለት ነው። እሱን ለማየት ቀደም ያለውን እትም መክፈት ያስፈልጋል።

ካርታው የማይነግራችሁ የነዋሪውን ስም ነው። ስም ከፈለጋችሁ ወደ ሕዝብ ቆጠራው ሂዱ። የቆጠራ መዝገብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው፤ የ1950ው በ2022 ተከፍቷል። የ1890ው ግን አብዛኛው በ1921 እዚሁ ዋሽንግተን በተነሳ ቃጠሎ ክፉኛ ተጎድቶ ኋላ ላይ ጠፍቷል። የቆጠራው መዝገብ ተቃጥሎ የእሳት ካርታው ተረፈ፤ ፈገግ ያሰኘኛል። ለዚያ ዘመን ቢያንስ ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር ይኸው ካርታ ይነግረናል።

ካርታው ጨዋ ነው ብዬ አላሞካሽም። በአሜሪካ ደቡብ ከተሞች የካርታ ሉሆች ላይ የጥቁሮች ቤት "የኔግሮ መኖሪያ" ተብሎ ተለይቶ ተጽፎ ታያላችሁ። ለኢንሹራንሱ የነዋሪው ቀለምም እንደ ጣሪያው ዓይነት የሚመዘገብ ነገር ነበር። ያበሳጫል፤ ግን ሰፈሩ በማን ዓይን ይታይ እንደነበር በግልጽ ያሳያል።

ዲሲ ያላችሁ፣ ሳውዝዌስትን (የከተማዋን ደቡብ ምዕራብ ክፍል) ክፈቱ። ዛሬ እዚያ የምታዩት ሰፊ መንገድና ትልልቅ አፓርታማ ነው። በ1950ዎቹ "ከተማ ማደስ" በሚል ሰፈሩ ከሞላ ጎደል ተጠርጎ ወደ 23,000 ሰውና 1,500 የንግድ ቤት ተነሳ። የአንድ ትልቅ መደብር ባለቤቶች "የኛ ሕንፃ ምን ሆነና?" ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከሩ። በ1954 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ፈረዱባቸው። ዊት ሮው የሚባሉት የ1790ዎቹ ቤቶች እንደ እድል ሆኖ አሁንም 4ኛው ጎዳና ላይ ቆመዋል። ከእነሱ ጋር የነበሩትን ሱቆች፣ ጋጣዎችና የቅያስ ቤቶች ግን በድሮው ሉህ ላይ ነው የምታገኟቸው። እኔ እዚያ ስደርስ ሥራ እፈታለሁ።

አፈላለጉ ትንሽ ትዕግስት ይጠይቃል። በቤት ቁጥር አይፈለግም። ከተማውን፣ ከዚያ ዓመቱን፣ ከዚያ ቅጹን (ቮልዩሙን) ትመርጣላችሁ። መጀመሪያ ማውጫውን ሉህ ክፈቱ፤ የመንገድ ስሞች ከነሉህ ቁጥራቸው እዚያ ተዘርዝረዋል። የመንገድ ስም እንደሚቀየር አትርሱ። ስልክ ላይ አይመችም፣ ኮምፒውተር ይሻላል።

አንድ ምክር ልጨምር። ይሄንኑ ካርታ አትመው የሚሸጡ አሉ። ከአንዱ ገዝቼ ነበር፤ ጠርዙን ቆርጠው፣ የሉህ ቁጥሩን ጥለው፣ ደብዝዞ ደረሰኝ። ብሩን ስጠይቅ መልስ የለም። ለምን ትከፍላላችሁ? ትልቁን ፋይል አውርዱና አቅራቢያችሁ ያለ ማተሚያ ቤት ውሰዱት። በቀለም መሆኑን አስረግጣችሁ ንገሯቸው፤ በጥቁርና ነጭ ከታተመ ጡቡና እንጨቱ አይለይም።