ማዕቀፍ ወይስ ፕሮፎርማ? ቶነርና ጎማ ለሚገዙ የመሥሪያ ቤት ግዥ ክፍሎች የቀረበ ንጽጽር

ሐምሌ ገብቶ አዲሱ በጀት ሲለቀቅ፣ በየፌዴራል መሥሪያ ቤቱ ግዥ ክፍል የሚሠሩ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ ያነሡልኛል፦ ቶነሩን (የፕሪንተር ዱቄት ቀለሙን)፣ ወረቀቱንና ጎማውን ለብዙ መሥሪያ ቤቶች በጋራ ጨረታ ከተፈረመው ማዕቀፍ ስምምነት እንዘዝ ወይስ ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ሰብስበን ራሳችን እንግዛ? መልሴ ተለውጦ አያውቅም፤ ከማዕቀፉ እዘዙ፣ ፕሮፎርማን በመጠን አነስተኛ ለሆነና በእርግጥ አስቸኳይ ለሆነ ዕቃ ብቻ አስቀሩት።

ፕሮፎርማን የሚያስመርጠው ሦስቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚታየው ዝቅተኛ ዋጋ ነው። ዋጋው ግን በደንብ መመርመር አለበት። አንዱ አቅራቢ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር ያቀርባል፤ አንዱ እስከ ንብረት ክፍላችሁ በር ድረስ ሲያስብ ሌላው የራሱን መደብር ደጃፍ ያስባል። መሥሪያ ቤቱ ጅማ ወይም ጎንደር ከሆነ የማጓጓዣው ወጪ ብቻውን የዋጋውን ቅደም ተከተል ሊገለብጠው ይችላል። ቶነር ደግሞ በካርትሪጅ ሳይሆን በሚያትመው ገጽ መመዘን አለበት። ኤችፒ 85ኤ የተባለው ካርትሪጅ በአምራቹ መግለጫ መሠረት፣ የገጹ 5 በመቶ ያህል በቀለም ሲሸፈን፣ 1,600 ገጽ ያትማል። እንበልና ኦሪጅናሉ 8,000 ብር ቢሆን አንድ ገጽ 5 ብር ያስወጣል፤ 3,500 ብር የተገዛው ቅጂ 600 ገጽ ላይ ቢያልቅ ግን ገጹ ወደ 5 ብር ከ83 ሳንቲም ይጠጋል። ከግማሽ በታች የመሰለው ዋጋ ተወዶ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ የጥገናው ወጪም ገና አልተደመረም።

ቀደም ሲል በሠራሁበት መሥሪያ ቤት የደረሰው ይኸው ነው። በፕሮፎርማ ያሸነፈው አቅራቢ ያመጣቸው ካርትሪጆች ካርቶናቸው የታሸገ፣ ተለጣፊያቸው የሚያብረቀርቅ ነበር፤ ውስጣቸው ግን እንደገና የተሞላ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። ዱቄቱ እየፈሰሰ ሮለሮቹን አበላሸ፣ ህትመቱ ጥቁር መስመር እያወጣ መጣ፣ የጥቂት ፕሪንተሮች ፊውዘርም (ዱቄቱን በሙቀት ከወረቀቱ የሚያጣብቀው ክፍል) መለወጥ ግድ ሆነ። አቅራቢው ሲጠየቅ የተላከለትን የዋጋ መጠየቂያ አውጥቶ አሳየ፤ የተጻፈው «ቶነር 85ኤ» የሚል ብቻ ነበር። ዕቃው ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጦለት ገቢ ስለሆነና አቅራቢው ውሉን ባያከብር የሚወረስ የውል ማስከበሪያ ዋስትና ስላልተያዘ፣ መሥሪያ ቤቱ የሚይዘው ነገር አልነበረውም።

በማዕቀፉ በኩል የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ይኸው መያዣ ነው። በ2002 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 184/2002 የተቋቋመው የመንግሥት ግዥና ንብረት ማስወገድ አገልግሎት የብዙ መሥሪያ ቤቶችን ፍላጎት አሰባስቦ ጨረታ ሲያወጣ፣ አሸናፊው የውሉን ዋጋ 10 በመቶ የውል ማስከበሪያ ዋስትና ያስይዝ ነበር፤ በመደበኛው የጨረታ ሰነድ መሠረትም ያላቀረበው ዕቃ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን 0.1 በመቶ፣ እስከ 10 በመቶ የሚደርስ የመዘግየት ካሳ ይታሰብበት ነበር። ከሁሉም መሥሪያ ቤት ጋር የሚነግድ አቅራቢ ለአንዱ ሐሰተኛ ዕቃ ቢያቀርብ የሚያጣው ብዙ ነው። ከፕሮፎርማው አቅራቢ ጋር ግን በዚያ ዓመት ዳግመኛ ላትገናኙም ትችላላችሁ።

የማዕቀፉ ድክመት መዘግየቱና ዋጋው ተቆልፎ መቆየቱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከዚያ በፊት በተፈረመ ዋጋ የገቢ ዕቃ ማቅረብ ለአቅራቢ ኪሳራ ነው፤ ኪሳራ ያየ አቅራቢም «ዕቃው መንገድ ላይ ነው» እያለ ቀን ይገፋል። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት የዋጋ ማስተካከያ አንቀጹን አንብቡ፤ በምን መነሻና በየስንት ጊዜው እንደሚሠራ እወቁ። ትእዛዛችሁን ደግሞ በጽሑፍ፣ ቀን ጠቅሳችሁ ስጡ፤ ካሳው የሚቆጠረው የማስረከቢያው ቀን በግልጽ ሲታወቅ ነውና።

ብዙዎች «በማዕቀፍ መደራደር አይቻልም» ይላሉ። አሸናፊው ከተለየ በኋላ ነጠላ ዋጋ ለማስቀነስ መከራከር በመርህ ደረጃ በጨረታም በፕሮፎርማም ቦታ የለውም፤ የድርድሩ ትክክለኛ ጊዜ ፍላጎታችሁን አሰባስባችሁ የምትልኩበት ወቅት ነው። በዚያ ቅጽ ላይ «ኦሪጅናል፣ እንደገና ያልተሞላ» የሚለውን ካላሰፈራችሁ፣ የማስረከቢያ ቦታውን ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ካልዘረዘራችሁ፣ ዕቃው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየሩብ ዓመቱ እንዲቀርብ ካልጠየቃችሁ፣ ውሉ ከተፈረመ በኋላ የምታገኙት በጎ ፈቃድ ብቻ ነው። መጠኑንም በግምት አታጋንኑት፤ አቅራቢው የቅናሽ ዋጋ የሚሰጠው በተነገረው ብዛት ተማምኖ ነው፤ ግማሹን ሳታዝዙ ብትቀሩ በሚቀጥለው ጨረታ ያንን ልዩነት ነጠላ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል።

ጎማ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጎማ ሳይሠራበት መጋዘን ውስጥ ሲከርምም ያረጃል። በጎኑ ላይ ከሚታተመው፣ «DOT» ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ ያሳያሉ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። በዝርዝር መግለጫው ላይ «በርክክብ ዕለት ከተመረተ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ» ብላችሁ ጻፉ፤ ርክክብ ኮሚቴውም ናሙና ሳይሆን እያንዳንዱን ጎማ ይይ። በፕሮፎርማ የሚቀርበው ርካሽ ጎማ የርካሽነቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ እዚህ አኃዝ ላይ ይገኛል።

ፕሮፎርማ የግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ፦ ዕቃው በማዕቀፉ ዝርዝር ውስጥ ካልተካተተ፣ ወይም የአንድ ክፍል ፕሪንተር ቆሞ አንድ ወይም ሁለት ካርትሪጅ ብቻ ካስፈለገ። ያኔም ግዥውን ለፕሮፎርማ ከተፈቀደው የገንዘብ ጣሪያ በታች ለማድረግ ከፋፍላችሁ አትግዙ፤ ክልክል ነው፣ ኦዲትም ያገኘዋል። መጠየቂያው ላይ ታክሱና ማጓጓዣው በዋጋው ውስጥ መካተቱን፣ ዕቃው ኦሪጅናል መሆኑን፣ ጉድለት የተገኘበት ካርትሪጅ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚተካ፣ ክፍያውም የቴክኒክ ባለሙያ ዕቃውን ፕሪንተር ላይ ሞክሮ ካረጋገጠ በኋላ እንደሚፈጸም አስፍሩ። እነዚህን ቅድመ ሁኔታዎች አይቶ ዋጋ ሳያቀርብ የሚቀር ነጋዴ ካለ፣ በእርሱ ምትክ ሌላ አራተኛ አቅራቢ ጠይቁ።