የዋንዛው ቁመት መለኪያ፦ ሰሌዳው ደህና፣ ተንሸራታቹ ልል

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በትእዛዝ የተሠራው ባለ ሁለት ሜትር የልጆች ቁመት መለኪያ ከእንጨቱ ጀምሮ ይመሰገናል። ባህር ዛፍ ቢሆን አንድ ክረምት ሳይወጣ ይጣመም ነበር፤ ይሄ ዋንዛ ነው። መቆሚያውም በስኳድራ ሲታይ ልክ 90 ዲግሪ ነው።

ጣጣው ጭንቅላት ላይ የሚያርፈው ተንሸራታች ነው። መሄጃው ሰፍቶ ስለተፈለፈለ ጫፉ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ንባቡ እስከ 1 ሴንቲ ይስታል። ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ያለበት ልጅ ላይ ይህች ሴንቲ ቀላል አይደለችም። ለጉርምስና ያልደረሰ ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ፣ በስድስት ወር 3 ሴንቲ ገደማ ያድጋል፤ በዓመት ከ4 በታች ከሆነ ያሳስባል። ከዚህ ብግነት አንዱ በሆነው፣ ክሮንስ በሚባለው ሕመም ደግሞ ቁመት ከተቅማጡና ከቁርጠቱ ቀድሞ ሊቆም ይችላል። ምግብ ማነሱ ብቻ አይደለም፤ ብግነቱ ራሱ የእድገት ሆርሞን አጥንት ላይ የሚሠራበትን አይ.ጂ.ኤፍ-1 የተባለ ሆርሞን ያሳንሰዋል፣ ብግነት ለማብረድ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ሲራዘም ይብስበታል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ያደገና የቆመ ልጅ በልል ተንሸራታች እንዴት ይለያል? የክንድ መለኪያዋ ባለቀለም ጥብጣብም አታግዝም፤ የምታሳየው መክሳትን እንጂ መቀንጨርን አይደለም።

(ቁመቱ የቀረ ሁሉ ክሮንስ አለበት ማለት አይደለም። እዚህ መጀመሪያ ጃርዲያና የአንጀት ቲቢ ይፈለጋል፤ ቲቢ ሳይጣራ ፕሬድኒሶሎን መጀመር አደጋ ነው።)

ማስተካከያው ርካሽ ነው፦ ተንሸራታቹ ጀርባ ላይ 15 ሴንቲ የሚሆን ቋሚ እንጨት በብሎን ይታሰር፣ ሰሌዳውን ተደግፎ ይሂድ።

ሌላም አለ። የተለጠፈው የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ቁራጭ ተቀጥሎ መጋጠሚያው ላይ 3 ሚሊ ተዘሏል። ክሮንስ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በአሥራዎቹ ዕድሜ ስለሆነ ልጆቹ የሚያርፉት እዚያው ቅጥያ አካባቢ ነው። የጨርቅ ሜትር ይለጠጣልና በብረት ሜትር ያስቀይሩት፤ ሲረከቡም 50፣ 100፣ 150 ላይ ያስተያዩ። የጭቃ ምርግ ግድግዳ ላይ ሲቆም ወለሉን በውሃ ልክ፣ ሰሌዳውን በቱንቢ ማየት ግድ ነው።

ሲለካ ጫማ ይወልቃል፣ ከፍ ብሎ የተሠራ ሹሩባ ይፈታል፣ ተረከዝና መቀመጫ ሰሌዳውን ይነካሉ። ሁለት ጊዜ ተለክቶ ንባቦቹ ከ0.5 ሴንቲ በላይ ከተለያዩ እንደገና ይለካል። ጠዋት የተለካ ልጅ ከሰዓት ያጥራል፤ ስለዚህ ቀጣዩ ልኬትም ጠዋት ይሁን። የልደትና የልኬት ቀን በአንድ ዘመን አቆጣጠር ይጻፍ፤ አንዱ በኢትዮጵያ ሌላው በፈረንጅ ከሆነ የእድገት ሰንጠረዡ ዋጋ የለውም።